ከአደይ ዝማም ጋር ገበጣ የተጫወትኩበት ክረምት

በአዲስ ሸክላ ውስጥ ያደረ ውሃ አፈር አፈር ይላል። ብዙ ሰው ጣዕሙን አይወደውም፤ እንስራው እስኪሟሽ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይደፋዋል። እኔ እወደዋለሁ። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ አዲስ ከገዛችው እንስራ ቀድታ ብታቀብለኝ፣ ውሃው ከንፈሬን ሳይነካ ሽታው ቀድሞ ገባና የጀመርኩትን ወሬ አስረሳኝ። «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መቐለ ነኝ፣ ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ አለ፣ የገዛ ወንድሜን ልገድለው ምንም አልቀረኝም፣ ይባላል?

ጣልያን ለቆ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆነውት ነበር። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ስለነበረ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ መቐለ ተመደበና፣ እናቴን፣ እኔንና የሦስት ዓመት ወንድሜን ደምሴን በጭነት መኪና ጭኖ ግንቦት ላይ አመጣን። ስለ መንገዱ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ደምሴን ከደረቷ ሳታወርድ መቐለ ደረሰች። በእኔና በእሱ መካከል የተወለዱ ሁለት ልጆች ሞተውባት ነበር። ስለዚህ ደምሴ ሲያስነጥስ ቤቱ ሁሉ ሥራ ያቆማል። እኔ ደግሞ የማላስቸግር ልጅ ነበርኩ። እናቴ ለሰው ስታስተዋውቀኝ፣ «አስካለ እንኳ አታስቸግረኝም» ትላለች። ሌላ ሙያ አልነበረኝም። ቁንጥንጥ ነሽ፣ አንድ ቦታ አትቀመጪም፣ የያዝሽውን አትጨርሺም እባላለሁ፤ ግን አላስቸግርም።

የተከራየነው ግቢ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። ሦስት ቤት ነበረው። በአንዱ እኛ፣ በሁለተኛው እትዬ ዘነበች፣ በሦስተኛው ደግሞ፣ ከጓሮው ጥግ ከበለሱ አጥር ጋር በተጣበቀችው ጠባብ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ አደይ ዝማም። እትዬ ዘነበች የአባቴ የሥራ ባልደረባ ሚስት ናት። እንደኛው ከሸዋ የመጣች ብትሆንም ከእኛ ቀድማ ስለገባች ትግርኛውንም ሰፈሩንም ታውቃለች። እናቴ ማንንም አታውቅም፤ ገበያ ሰኞ መዋሉን እንኳ ያወቀችው ከእሷ ነው። አደይ ዝማም ሁለቱም ዓይኖቿ የማያዩ ሸክላ ሠሪ ናት። «አደይ» በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራታል እንጂ ልጅ አልነበራትም። የወንድሟ ልጅ ከገጠር እየመጣች የሠራችውን ገበያ ታወጣላታለች፤ ከዚያ በቀር የሚጠይቃት ሰው አላየሁም።

በገባን በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች እናቴን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ «ልጆችሽን ከዚያች ሸክላ ሠሪ ጠብቂ። ዓይኗ ይበላል» ስትላት ሰማሁ።

እናቴ በዚያው ሳምንት ለደምሴ አንገት ሁለተኛ ክታብ አሰፋችለት። እኔ ግን ነገሩን ለብዙ ቀን አብሰለሰልኩት። የሚበላው ዓይን ከሆነ፣ ዓይን የሌላት ሴት በምኗ ትበላናለች? ከግቢው ሰው ሁሉ ልንፈራው የማይገባን እሷን ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። እትዬ ዘነበች ነበረች ሁለት ትላልቅ፣ የሚንከባለሉ ዓይኖች ያሏት፤ ስታየኝ ከጀርባዋ እዞራለሁ።

የዚያ ክረምት ሥራዬ ደምሴን መያዝ ነበር። እናቴ እህል ስታስፈጭ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወርድ፣ ደምሴ ጀርባዬ ላይ ነው። ከባድ ነበር። ካወረድኩት ያለቅሳል፤ ካለቀሰ እናቴ ትሮጣለች፤ እናቴ ከሮጠች እኔ አስቸገርኩ ማለት ነው።

ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እናቴ በሌለችበት፣ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ በረዶ ወረደ። ከጓሮ ነበርን። ቤታችን ሩቅ፣ የአደይ ዝማም በር ቅርብ ሆነ። ደምሴን አዝዬ ከጣሪያዋ ጠርዝ ሥር ገባሁና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ከውስጥ፣ በበረዶው ጩኸት መካከል፣ ሌላ ትንሽ ድምፅ ይሰማል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቆም ይላል። ደግሞ ጠብ፣ ጠብ።

«መን እዩ?» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጣበቅሁ። ደምሴ ግን አለቀሰ።

«ልጅ ይዘሽ በር ላይ ይቆማል? እተዊ ጓለይ፣ ግቢ ልጄ።»

ገባሁ። ቤቱ ጨለማ፣ የእርጥብ አፈርና የጭድ ሽታ የሞላበት ነው። በግድግዳው ዙሪያ ያልተተኮሱ እንስራዎች በጥላ ውስጥ እንደተቀመጡ ሰዎች ተደርድረዋል። አደይ ዝማም መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ፊት ለፊቷ ከሸክላ የተሠራ ገበጣ አስቀምጣ፣ በአንድ እጇ ለራሷ፣ በሌላው ለማይታይ ሰው ጠጠር ትዘራለች።

«ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት እርስዎ?» አልኳት፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ።

«እርስዎ የሚባል ሹም ነው። አደይ በይኝ፣ እንደ እናትሽ አንቺ በይኝ።» ፈገግ አለች፤ ከፊት ያሉት ጥርሶቿ ሁለት ብቻ ነበሩ። «ከራሴ ጋር ነው። አሁን ግን አንቺ መጣሽ። ትችያለሽ?»

አልችልም ነበር። በረዶው እስኪያባራ አስተማረችኝ። ሦስት ረድፍ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ቤት ይባላል፣ ከአንዱ ቤት ዘግነሽ በየቤቱ አንድ አንድ እየጣልሽ ትሄጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ የጣልሽበት ቤት ይወስንልሻል። ደምሴ የተሰበረ ገል ይዞ መሬቱን ሲቆፍር ጸጥ አለ። ስወጣ ሦስት ጊዜ ተሸንፌ ነበር፤ ደረቴ ውስጥ አንድ ትኩስ ነገር ተቀምጧል። ነገ አሸንፋታለሁ አልኩ።

በነጋታው እናቴ እንደወጣች ሄድኩ። ከዚያ በኋላም በየቀኑ። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ያልተጠየቅሁትን አለመናገር ውሸት አይመስለኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰረቅሁ። ቀላል ነበር። እሷ በጣቶቿ ጫፍ ቤቶቹን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ስትጨርስና እጇን ስታነሣ፣ ከእሷ ቤት አንድ ጠጠር አንስቼ ከእኔ ቤት አኖራለሁ። አታይማ። «ሕራይ» ትላለች። «እሺ» ማለቷ ነው፤ «ቀጥይ» እንዳለችኝ እቆጥረውና እቀጥላለሁ። ማሸነፍ ጀመርኩ። ባሸነፍኩ ቁጥር «ጎበዝ ሆንሽ» ትለኛለች፤ እኔም ጎበዝ መሆኔን እስከማመን ደርሼ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከሄድን በኋላ፣ አንድ ቀን ጨዋታው አልቆ ጠጠሮቹን ወደ ከረጢታቸው እየመለሰች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «ዛሬ አራት ወሰድሽ። ትናንት ሁለት ነበር» አለችኝ።

ፊቴ ነደደ። «ምን?»

«ጠጠር። ጠጠር ሲወድቅ ይናገራል እኮ። ባዶ ቤት ሌላ ድምፅ አለው፣ አምስት ያለበት ሌላ። አንቺ ወደ እኔ ቤት እጅሽን ስትልኪ ደግሞ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለምን እንደምትሰርቂ እስካውቅ ነው። ማሸነፍ የሚወድ ልጅ ሲያሸንፍ ይስቃል። አንቺ ስታሸንፊ ኡፍ ትያለሽ እንጂ አንድ ቀን ስቀሽ አታውቂም። አንቺ መሸነፍ ነው የምትፈሪው ጓለይ።»

ደምሴን ብድግ አድርጌ ወጣሁ። ሁለት ቀን አልተመለስኩም። በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩባት፤ ያየችኝ የሚመስላት፣ የማታይ አሮጊት ናት አልኩ። በሁለተኛው ቀን ግን ደጃፍ ተቀምጬ ደምሴን ስጠብቅ ነገሩ እውነት መሆኑን ለራሴ አመንኩ። ካሸነፍኩባቸው ጨዋታዎች አንዱም ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ከሁለቱ ሟቾች በፊት የተወለድኩ፣ የተረፍኩ ልጅ ነኝ። የተረፈ ልጅ አያጠፋም፣ አይወድቅም፣ አያስቸግርም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከእናቴ ፊት ላይ ነው ያነበብኩት። ያንን ፍርሃቴን አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ከጠጠር ድምፅ ሰምታ አወጣችው።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩና ገበጣው ፊት ተቀመጥኩ። እሷም ጠጠሩን ዘረጋች። በዚያ ቀን አምስት ጊዜ አሸነፈችኝ። በማግስቱ እንዲሁ። ስንተኛው ጨዋታ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ በእጄ ሙሉ ጠጠር ዘግኜ ልክ የማልፈልገው ቤት ላይ ስጨርስ፣ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። አደይ ዝማምም ጭኗን መታ እያደረገች ሳቀች። «ጽቡቕ! ጥሩ! ይሄ ነው ጨዋታ!» አለች።

ጭቃ የሰጠችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ሸክላ አይተኮስም፤ ዝናቡ እሳቱን ያጠፋዋል፤ የሚሠራው ግን ይሠራል። አፈሩን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ የተፈጨ ገል ጨምራ፣ በእግሯ ረግጣ ታዋህደዋለች። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ቆርሳ እጄ ላይ ጣለችና፣ «ሥሪ» አለችኝ።

«ምን ልሥራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እጁ የአንቺ ነው።»

ሳህን ጀመርኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነበር። በአውራ ጣቴ መካከሉን ስጫነው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያው ወደ ላይ ይነሣል፣ እንደገና ስጫነው ሌላ ነገር ይሆናል። ቀና ስል ደምሴ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ብርሃኑ ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። እኔ፣ ቁንጥንጧ! ይህን ለማንም ልነግር አልቻልኩም እንጂ፣ በዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ እንደ ባለርስት ነበር የምራመደው። ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት ነገር ስህተት መሆኑን እጄ ነግሮኝ ነበር።

አደይ ዝማም ሳህኔን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ቆነጠጠችው። «ወፍራም ነው። ይፈርሳል ብለሽ ፈርተሻል። ወፍራም ሸክላ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ሳይደርቅ ውጭው ይቀድማል። እንደገና።» አፍርሳ መልሳ ሰጠችኝ። አላዘንኩም። ደግሜ ሠራሁ፣ ደግማ አፈረሰችው።

የዕቃዎቹን ስም በትግርኛ የተማርኩት እዚያው ነው። የውሃ መቅጃው ዕትሮ ይባላል፣ የእህል መቁያው መቕሎ። መቕሎ ስትል ሰምቼ፣ ይህች ሴት ከተማዋን መቐለን በእጇ የሠራቻት መሰለኝ፤ አንድ ቀንም፣ «ስትሠሪያት ስንት ቀን ፈጀብሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቋን ጨርሳ እስክታስረዳኝ ድረስ ጭቃው እጇ ላይ ደረቀ።

ችግሩ ደምሴ ነበር። እንቅልፍ ሁልጊዜ አይወስደውም። ገሉ ሰለቸው፣ ጠጠሩን መበተን ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ጭቃዬን ማቋረጥ አልፈልግም። መፍትሔው ከአደይ ዝማም በር ሁለት እርምጃ ላይ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በለስ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ቀይና ቢጫ ሆኖ በስሎ ነበር። በተሰነጠቀ እንጨት እየቆረጥኩ፣ እሾኹን በሣር እያሸሁ፣ ልጣጩን እየገፈፍኩ እሰጠዋለሁ። ጣፋጭ ነው፤ አንዱን ሲጨርስ እጁን ይዘረጋል። እየበላ ዝም ይላል።

«በለስ ለሕፃን ከሁለት አይበልጥም» ብላኝ ነበር አደይ ዝማም። «ፍሬው ሆድ ውስጥ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይዘጋል።» ከጥቂት ቀን በኋላም ሥራዋን አቁማ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ልጣጭ በዛ። ማነው የሚበላው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሕራይ» አለች።

ከገበጣው መስረቅ ትቼ ነበር። ይሄ ግን ገበጣ አልመሰለኝም።

ነሐሴ ከገባ በኋላ ደምሴ ምግብ እንቢ አለ። በማግስቱ ሆዱን ይዞ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሲነኩት ይጮኻል፣ እግሩን ወደ ላይ ያጥፋል። አባቴ ለሥራ ዓዲግራት ሄዶ ነበር። እናቴ አልበላችም፣ አልጠጣችም፤ ምን እንደሆነ ስታጣ እትዬ ዘነበችን ጠራች። እትዬ ዘነበች ደምሴን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄ የሆድ ሕመም አይደለም። ተበልቷል። ልጆችሽ ከጓሮ ሲመላለሱ አይቻለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አስካለ፣ ወደዚያች ሴት ቤት ወስደሽው ነበር?»

«አዎ» አልኩ። የቀረውን ልጨምር አፌን ከፈትኩ፤ ግን የእናቴን ፊት ሳይ አፌ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። ደምሴን አንድ የሚከረፋ ነገር አጠኑት፤ ሳለ፣ አስመለሰው፣ ሆዱ ግን እንደ ተነፋ ቀረ። ያኔ እትዬ ዘነበች፣ «ራሷ ካልተፋችበት አይለቀውም» ብላ ወጣችና አደይ ዝማምን ክንዷን ይዛ እየመራች ወደ ግቢው መካከል አመጣቻት። እጇ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። እናቴ ደምሴን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

ማንም አልሰደባትም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። እናቴ እያለቀሰች፣ «እናቴ፣ ስለ እመቤታችን፣ እርስዎም የሴት ልጅ ነዎት፤ ይትፉበትና ይልቀቁልኝ። ሌላ የለኝም» አለቻት።

አደይ ዝማም ድምፁ ወደመጣበት ፊቷን አዘነበለች። «ብተፋበት ይድናል ብለሽ ነው?»

«ይድናል ይላሉ።»

«ከተፋሁበት ከነገ ጀምሮ እኔ ምን እንደምባል ታውቂያለሽ?»

እናቴ ደምሴን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። እትዬ ዘነበች ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ደምሴ በቀጭኑ ያቃስታል።

አደይ ዝማም ቀስ ብላ ተንበረከከች። ጭቃማ እጇን ዘርግታ አየሩን እየዳሰሰች የደምሴን ፊት ፈለገች። «ሕራይ» አለች።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። ጠጠሯን ስሰርቅባት ትለው የነበረው ነው። ያን ጊዜ የሚወሰድባት ጠጠር ነበር፤ አሁን ስሟ ነው። ምራቋን ስታጠራቅም ጉንጯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«በለስ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያበላሁት! እሷ ከሁለት በላይ አትስጪው ብላኛለች፤ እኔ ነኝ የምበላው ብዬ ዋሸኋት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ፣ «ስንት?» አለችኝ።

«አላውቅም። ብዙ። በየቀኑ። ዝም እንዲልልኝ ነው።»

እናቴ ተነሥታ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችኝ ሆና ተመለከተችኝ፤ ከዚያ ወደ አደይ ዝማም ዞራ፣ ድምፅዋ ተቀይሮ፣ «አደይ» አለቻት። «ምን ይደረጋል?»

አደይ ዝማም ምራቋን ወደ ውስጥ ዋጠችው። «መጀመሪያ ሆዱን ልንካው?»

«ይንኩት።»

በአሥሩም ጣቶቿ፣ እንስራ እንደምታለሰልስ፣ ሆዱን ዙሪያውን ዳሰሰች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ነው። ተልባ አምጡ። ለብ ያለ ውሃ፣ ቅቤ፣ ሳሙና።» ሌሎቹ ሴቶች ቆመው ቀሩ፤ እናቴ ናት የሮጠችው። ተልባውን በጥብጠው አጠጡት፣ ሆዱን በቅቤ አሹት፣ ከታች በሳሙና ውሃ አለሰለሱት። ደምሴ እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ ሊገለጽ በማይችል ሽታ ታጅቦ፣ የሐምሌና የነሐሴ በለስ ሁሉ ወጣ። እናቴ በመጥፎ ሽታ እንደዚያን ቀን ስትደሰት አይቻት አላውቅም፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ደምሴን ታገላብጣለች። ደምሴ እንጀራ ጠየቀ። እትዬ ዘነበች መቼ እንደወጣች ማንም አላስተዋለም።

በማግስቱ ጠዋት አደይ ዝማም ጋ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆሜ ለመግባት አፈርኩ።

«ግቢ» አለች፣ በእርምጃዬ አውቃኝ።

«በለሱን ማን እንደበላው ታውቂ ነበር?»

«ልጣጭ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ማን አፍ ውስጥ እንደገባ ግን ጆሮዬ አይነግረኝም። ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርሽም? ያ ሁሉ ሰው ከቦሽ!»

ጭቃውን ትጠቀልል ነበርና እስክትጨርስ ጠበቅኋት። «ሰውን በጥርጣሬ መክሰስ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ ጓለይ» አለች።

ከዚያ ጭቃ ቆርሳ ሰጠችኝ። በዚያ ቀን የሠራሁትን ሳህን ጠርዙን ቆነጠጠችና ሳታፈርሰው መደርደሪያው ላይ ከራሷ እንስራዎች አጠገብ አስቀመጠችው።

አባቴ ከዓዲግራት ሲመለስ ሁሉንም ሰማ። ተቆጣኝ፣ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ደነቀኝ፤ ሁለት ቀን የማያናግሩት ልጅ ሆኜ፣ አጥፍቼ፣ አስቸግሬ፣ ሁሉም እያወቀው፣ እኔ ግን ደኅና ነበርኩ። በልቼ ተኛሁ። ለካ አጥፍቶም መኖር ይቻላል።

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ወጣ። የአሸንዳ ልጃገረዶች ከበሮ ከየመንደሩ ይሰማል። አደይ ዝማም በአፍንጫዋ አየሩን ሳብ አድርጋ፣ «ዛሬ እንተኩሳለን» አለች። የወንድሟ ልጅና እኔ እንስራዎቹን ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ሜዳ አወጣን፣ ኩበትና ጭድ ከመርን፣ እሷ በእጇ እየዳሰሰች እያንዳንዱን በቦታው አስቀመጠችው። እሳቱ ሲያያዝ ከሩቅ በጆሮዋ ታዳምጠዋለች። አንድ ጊዜ ጧ አለ። «ያ የአንቺ ነው» አለችኝ። የእኔ ነበር። ከሦስት ሳህኖቼ ሁለቱ ተሰነጠቁ፤ ሦስተኛው ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ፣ ጥቁርና ቀይ ሆኖ፣ ሙሉ ወጣ። በጥፍሬ መታሁት፤ እንደ ደወል ጮኸ።

አመዱ ገና ሳይበርድ እናቴ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአደይ ዝማም ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች እንጂ አብረው ተቀምጠው አያውቁም። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ደምሴ ቀሚሷን ይዟል፣ በእጇ የተከደነ መሶብ አለ። በእትዬ ዘነበች መስኮት ፊት ለፊት አልፋ ነው የመጣችው፤ ሌላ መንገድ ነበራት።

«ሲሠሩ ውለዋል፣ አልቀመሱም» አለችና መሶቡን መሬት አስቀምጣ ከፈተችው። ቅቤ የገባበት ሽሮ ነው። ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ «አፍዎን ይክፈቱ» አለቻት። አደይ ዝማም ጎረሰች። ከዚያ እሷም እጇን ወደ መሶቡ ሰደደች፤ ዳሰሰች፣ ቆረሰች፣ በዚያ አመድ በነካው ጣቷ ጠቅልላ ጉርሻውን ወደ እናቴ ድምፅ ዘረጋችው።

እጇ አየር ላይ ቆየ። የሞቱትን ሁለት ልጆች፣ የእትዬ ዘነበችን ቃል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደምታስብ ገባኝ። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ረጅም ጊዜ አኘከችው።

ዓይኗን ስትገልጥ ግራ የተጋባች መሰለች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«እኔም ታዝቤያለሁ» አለች አደይ ዝማም። «አዲስ ጎረቤት ናት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ መቐለ ከገባን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አስካለ፣ ሩጪ፣ ጨው አምጪ» አለችኝ፣ ወደ መሶቡም ጠጋ ብላ ተቀመጠች።